ስለ አዲሱ እልፍኝ አስከልካይ

በቀድሞው ዘመን ጉዳይ ያለው ሰው ከሹም ፊት ለመቅረብ ደጅ ይጠና ነበር፤ መግባቱንም መቅረቱንም የሚወስነው እልፍኝ አስከልካዩ ነበር። በዛሬው ዘመን ደግሞ የማይበላ፣ የማይጠጣ፣ የማይተኛ እልፍኝ አስከልካይ ተሠርቷል።

በአሜሪካ በፒትስበርግ ከተማ ያሉ የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፣ በቢሮ ውስጥ የተተከሉ ሴንሰሮች «ሠራተኛውን አሁን ቢያናግሩት ይታወካልን?» ለሚለው ጥያቄ ሰው የሚገምተውን ያህል ሊገምቱ እንደሚችሉ አስረዱ። መሣሪያው የንግግር ድምፅ መኖሩን፣ የስልኩን መነሣት፣ የበሩን መከፈት፣ የኮምፒዩተሩን መነካት ይከታተላል። ለመመዘኛም ሠራተኛው ራሱ በየጊዜው እየተጠየቀ ሁኔታውን ከ1 እስከ 5 ባለው ቁጥር ይናገር ነበር።

የአሳቡ መነሻ ክፉ አይደለም። መዝገብ የሚጽፍ ሰው በየደቂቃው ቢጠሩት የአንዱን መሬት በሌላው ስም ይጽፋል። በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የሚማረው ደቀ መዝሙርም መምህሩ የሌላውን ዜማ ሲያርሙ ከመካከል አይገባም፤ ተራውን ይጠብቃል።

ዳሩ ግን ይህ ሚዛን በአንድ ወገን ብቻ ይመዝናል። የተቀመጠውን ሰው ሥራ ያያል፤ የቆመውን ሰው ችግር አያይም። ከበሽሎ ቆላ አቀበቱን ወጥታ ስለ መሬት ደብተሯ ልትጮኽ ወገዳ የደረሰች መበለት በእንዲህ ያለው መሣሪያ ዘንድ ማን ናት? ሁከት ብቻ ናት። የቀድሞው እልፍኝ አስከልካይ ጨካኝ ቢሆን እንኳ ሰው ነበርና አንዳንድ ቀን እንባ አይቶ ይራራ ነበር።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ከእስቴና ከስማዳ ቢሮ ምን አገናኘው?» የሚል ይኖራል። መሣሪያው ባይመጣም ልማዱ ቀድሞ መጥቷል፤ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለውን ቃል ያልሰማ ባለጉዳይ ጥቂት ነው። ይህ ልማድ መሣሪያ ያገኘ እንደ ሆነ የሰው ስንፍና የሳይንስ ካባ ይለብሳል።

ጌታችን ወደ ኢያኢሮስ ቤት ሲሄድ ጉዳዩ የሞትና የሕይወት ነበረ። ነገር ግን ደም የሚፈስሳት ሴት የልብሱን ጫፍ ብትዳስስ ቆመላት፤ መንገዴን አቋረጥሽብኝ አላላትም።

ስለዚህ መሣሪያው የስልክን ጥሪና የኮምፒዩተርን መልእክት ያዘግይ፤ ወሰኑ ይህ ይሁን። በሰው ፊት በር የመዝጋት ሥልጣን ግን አይሰጠው። ሹሙም ባለጉዳይ የሚያነጋግርበትን ሰዓት በበሩ ላይ ይጻፍ፤ የጻፈውንም ይጠብቅ። ለሕዝብ የተሾመ ሰው ዋና ሥራው በደጁ የቆመው ባለጉዳይ ነውና።