በኩንታሉ ሒሳብ ውስጥ ያልገባው ወገብ

ከቃሊቲ እስከ አቃቂ መጋዘን የያዘ ነጋዴ የአንድ ኩንታል እህል ዋጋ ምን ምን ተደምሮበት እንደሚወጣ በቃሉ ያውቀዋል። መግዣው፣ ትራንስፖርቱ፣ የደላላው፣ የጆንያው፣ የጫኝና አውራጁ ተይዞ ትርፉ ይታከልበታል። በዚህ ሒሳብ ውስጥ ያልገባ አንድ ወጪ ግን አለ፤ የተሸካሚው ወገብ።

ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ጫኝና አውራጅ ወገቡን እንደሚቆርጠውና ድካም እንደሚሰማው ሲናገር «ብርድ ነው» ይባላል። አለዚያም ሰነፍ ይባላል። 400 ኩንታል የጫነ መኪና ከነተሳቢው ቆሞ ስምንት ወጣቶች ቢያወርዱት ለእያንዳንዱ 50 ኩንታል ይደርሰዋል፤ 5 ቶን መሆኑ ነው። ያውም አንዳንዱ በሻይና በዳቦ! ጎንበስ ብሎ፣ ወገብን አዙሮ ከባድ ሸክም ማንሳት ጡንቻና ጅማትን ይጎዳል። ሲደጋገም ደግሞ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ወጥቶ ነርቭ ሊጫን ይችላል፤ ሕመሙም እስከ እግር ይወርዳል።

የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 128 አንድ ወንድ ሠራተኛ ከ55 ኪሎ በላይ እንዲሸከም የሚፈቅዱ አገሮች መጠኑን በፍጥነት እንዲቀንሱ ጠይቋል። የእኛ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ሲሚንቶ በ50 ኪሎ ከረጢት ይሸጣል፣ ወደ ውጭ የሚላከው ቡና በ60 ኪሎ ጆንያ ይሄዳል፤ ጤፉና ስንዴው ከዚህ የሚለዩበት ምክንያት ከልማድ በቀር አይታይም። ጆንያው እጥፍ ይሆናል፣ አውራጁም በጆንያ ቆጥሮ ያስከፍላል የሚለው የነጋዴው ስጋት ከንቱ አይደለም። የጆንያው ወጪ በእርግጥ ይጨምራል። የማውረጃው ክፍያ ግን በጆንያ ቁጥር ሳይሆን በክብደት እንዲሆን አስቀድሞ መዋዋል ይቻላል።

የወጣት ወገብ ሕመም ሁሉ ከሸክም ይመጣል ማለት አይደለም። የቲቢ በሽታ ሳንባን ብቻ ሳይሆን አከርካሪንም ይይዛል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ከወገብ ሕመም ጋር ከታዩ ሐኪም ዘንድ መቅረብ የግድ ነው። ጠዋት ጠዋት ወገብን አስሮ ሲንቀሳቀሱ የሚለቅ ሕመም የአከርካሪ መገጣጠሚያ ብግነት ሊሆን ይችላል። ኩላሊትም አለ። ድካሙን የደም ማነስና የእንቅልፍ እጦት ያባብሱታል። እግር ከዛለ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ጉዳዩ ለነገ የሚባል አይደለም። ከፋርማሲ ማስታገሻ እየገዙ ለወራት መዋጥ ጨጓራና ኩላሊትን ጎድቶ ሸክሙን ለማስቀጠል ብቻ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። በጭነት የሚከፈለው አውራጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የማንም ተቀጣሪ ሆኖ አይመዘገብም። ሲጎዳ ቤቱ ይቀራል፤ በማግስቱ ሌላ ወጣት ይተካል። ነጋዴው ያልከፈለ ይመስለዋል እንጂ ይከፍላል። ሥራውን የለመደው ሲቀር ጆንያ ይቀደዳል፣ ማራገፉ ይጓተታል፣ የቆመው መኪናም ያስከፍላል። ባለ ሁለት ጎማ ጋሪና ጠንካራ መወጣጫ ሳንቃ መጋዘኑ በር ላይ ማኖር ከዚህ ሁሉ ይረክሳል። ለሚቀጥለው ምርት ውል የሚያስሩ ደላሎችም «በ50 ኪሎ ጆንያ» የምትለዋን ቃል ከወዲሁ ቢያስገቡ ገዢውም ሻጩም የሚያጣው ነገር ጥቂት ነው።