ጀርባ ሰጥቶ መቅደም

ባለፈው የመስቀል ሰሞን እምድብር ነበርሁ። አንባቢዬ እንደምታውቀው በዚያ ሰሞን ከአዲስ አበባም ከሌላም አገር ወደ ቤቱ የሚመለሰው የጉራጌ ልጅ ብዙ ነውና፣ የተቀመጥንበት ቤት ተማሪውንም፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊውንም፣ ነጋዴውንም አንድ ላይ ሰብስቦ ነበር። ክትፎው ተበልቶ ቡናው እስኪፈላ ድረስ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ፎቶግራፍ አሳየኝ። ስምንት ሰዎች በአንዲት ቀጭን ጀልባ ላይ ተደርድረው ሲቀዝፉ ይታያሉ። ጥያቄው አጭር ነበር፤ «ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች ጀርባቸውን ወደሚሄዱበት አዙረዋል። ታዲያ ማን እንደ ቀደመ በምን ያውቃሉ?»

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ስቄ አንድ ሁለት ቃል መለስሁለት፤ ነገር ግን መልሴ ከጥያቄው ያነሰ መሆኑ እስከ ዛሬ ስለሚቆጨኝ በዚህ ዓምድ ዕዳዬን ልክፈል። እምድብር ሐይቅ የላትም። የአካባቢዋ ዝናብ ወደ ዋቤ ይወርዳል፤ ዋቤም ወደ ግቤ ይገባል እንጂ ጀልባ ሊያንሳፍፍ ቆሞ አይጠብቅም። ቢሆንም ነገሩ ለእምድብር ሰው ሩቅ አለመሆኑን ወደ ኋላ ታያለህ።

መጀመሪያ ጀርባን ስለ ማዞር እንነጋገር። በጣና ሐይቅ ላይ ከደንገል የተሠራ ታንኳ የሚነዳ ሰው ፊቱን ወደሚሄድበት አቅንቶ ይቀዝፋል። ሥራው ሰውና ጭነት ማሻገር ስለ ሆነ ከመፍጠን ይልቅ ማየት ይበጀዋል። ደንገሉም ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ታንኳው ከጥቂት ወራት በላይ አያገለግልም። የውድድር ቀዛፊ ግን የሚፈልገው ፍጥነት ነው። ፊቱን ወደ ፊት ያደረገ ሰው ይበልጡን በክንዱና በትከሻው ይሠራል፤ ጀርባውን ያዞረው ግን እግሩን በጀልባዋ ውስጥ በተተከለ መርገጫ ላይ አስደግፎ በመላ ሰውነቱ ይገፋል። ከ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ መቀመጫው በትንንሽ ጎማዎች የሚንሸራተት ስለ ሆነ ዋናው ኃይል የሚመነጨው ከጭን ነው። ዳገት ወጥቶ ትምህርት ቤት የሚደርስ ልጅ ይህን ሲሰማ ደስ ሳይለው አይቀርም።

ታዲያ መንገዱን ማን ያያል? በጀልባዋ ጅራት፣ ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ የተቀመጠ አንድ ትንሽ ሰው አለ። ዘጠነኛው እሱ ነው። መቅዘፊያ አይነካም፤ መሪውን ይዞ አቅጣጫ ያስተካክላል፣ የሚያየውን ለስምንቱ ይነግራል፣ «ጨምሩ» ይላል፣ አንዳንድ ጊዜም ይሳደባል። በዓለም አቀፉ ደንብ ክብደቱ ከ55 ኪሎ ያነሰ እንደ ሆነ የጎደለውን ያህል ክብደት ተጨምሮለት ይቀመጣል። ከሲታ ለሆነ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ይህ ጥሩ ወሬ ነው።

ጀልባዋ ከ17 ሜትር በላይ ትረዝማለች፤ ወርዷ ግን ሰው ከነዳሌው የሚቀመጥበትን ያህል ብቻ ነው። በደንቡ የተፈቀደው ትንሹ ክብደቷ 96 ኪሎ ስለ ሆነ አንድ ኩንታል አትሞላም ማለት ነው። በዚህች ቅጠል ላይ ስምንት ግዙፍ ሰዎች ሲወራጩ አስበው! ከስምንቱ አንዱ መቅዘፊያውን ከሌሎቹ በዓይን ጥቅሻ ያህል ቀድሞ ውሃ ውስጥ ቢከት ጀልባዋ ታዘነብላለች፤ ቢዘገይ ደግሞ ውሃው መቅዘፊያውን ይዞ እጀታውን ደረቱ ላይ ይመልስበታል።

ይህን ስተርክ ጥግ ይዘው የተቀመጡ አንድ አዛውንት «ይህማ የኛ ቁፋሮ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። እንሰት የሚተከልበት መሬት በደቦ ሲቆፈር ወንዶቹ ባለ ሁለት ጥርስ መቆፈሪያቸውን ይዘው ትከሻ ለትከሻ ይሰለፋሉ። እኩል ያነሣሉ፣ እኩል ይተክላሉ፣ እኩል ፈንቅለው ትልቁን ጓል ይገለብጣሉ። አንዱ ጉልበተኛ ብቻውን ቢፈጥን ፍርካሽ ያነሣ እንደ ሆነ እንጂ ጓሉ አይገለበጥም። «እንዲህ ያለውን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ከሁለት ቀርፋፎች መካከል እናቆመዋለን» አሉኝ።

የቀዘፋ አሰልጣኞች ግን ከዚህ የጠና ዘዴ አላቸው። ሁለት ባለ አራት ጀልባዎች ጎን ለጎን ያሽቀዳድሙና ልዩነቱን ይጽፋሉ። ከዚያ ከየጀልባው አንድ አንድ ሰው ብቻ አቀያይረው እንደ ገና ያሽቀዳድማሉ። ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ ልዩነቱ ከተለወጠ፣ ከሁለቱ ጀልባውን የሚያስኬደው ማን እንደ ሆነ ይታወቃል። ታዲያ በጉልበት መለኪያው መሣሪያ ላይ ጓደኞቹን ሁሉ የበለጠው ሰው በዚህ ፈተና የሚወድቅበት ጊዜ አለ። ጉልበቱ ሳያሳማው፣ እሱ የገባበት ጀልባ ይዘገያል። በሥራ ቦታህ እንዲህ ያለ ሰው ታውቅ ይሆናል። እኔ ግን ያሰብሁት ስለ ራሴ ነበር፤ እኔ ወጥቼ ሌላ ሰው ቢገባ ዓምዱ ይፈጥን ይሆን ብዬ ለጥቂት ጊዜ ተክዣለሁ።

አሁን ወደ ተማሪው ጥያቄ ልመለስ። ጎን ለጎን በሚደረግ ውድድር የቀደመው ጀልባ ተቃዋሚዎቹን ሁሉ ያያቸዋል፤ የመጨረሻው ግን ማንንም አያይም። በ1936 እ.ኤ.አ. በበርሊን ኦሎምፒክ የአሜሪካው ጀልባ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ልጆችን ይዞ ነበር። አብዛኞቹ የገበሬ፣ የእንጨት ቆራጭና የመርከብ መሥሪያ ሠራተኛ ልጆች ናቸው፤ ስልት የሚሰጠው አውራ ቀዛፊያቸውም በዚያ ቀን ታሞ ነበር። ከ2,000 ሜትሩ ግማሹን ያህል ከኋለኞቹ ጋር ሆነው ሲቀዝፉ መሪያቸው ከሚላቸው በቀር የሚያውቁት አልነበረም። ያሸነፉት በ6 ደቂቃ ከ25.4 ሰከንድ ነው፤ ሁለተኛዋ ኢጣልያ 6 ደቂቃ ከ26.0 ሰከንድ፣ ሦስተኛዋ ጀርመን 6 ደቂቃ ከ26.4 ሰከንድ። ቀኑ በእኛ ነሐሴ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር፤ ኢጣልያ አዲስ አበባ ከገባች ገና አራት ወር አልሞላም። በስድስት ዐሥረኛ ሰከንድ መቀደሟን ከ80 ዓመት በላይ ቆይቼ ሳነብ ደስ አለኝ ብል አንባቢዬ ይቅር ይለኛል።

የመጸው ውድድር ግን ሌላ ነው። ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቦስተን አጠገብ በቻርልስ ወንዝ ላይ በየዓመቱ የሚደረገውና «ሄድ ኦቭ ዘ ቻርልስ» የሚባለው ከሁሉ የታወቀ ነው። ጊዜው በእኛ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ይውላል። ወንዙ ጠባብና ጠማማ ስለ ሆነ ጀልባዎቹ በየ15 ሰከንዱ ያህል ተከታትለው ይለቀቃሉ፤ የሚሽቀዳደሙትም ከሰዓት ጋር ነው። ርቀቱ 4.8 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ምርጦቹ ባለ ስምንቶች በ14 ደቂቃ አካባቢ ይጨርሱታል። በድልድዮች ሥር የሚታጠፈው መንገድ የመሪውን ችሎታ ይፈትናል፤ ከኋላ ለሚደርስበት ጀልባ መንገድ ያልለቀቀ ጊዜ ይጨመርበታል።

በዚያ ወንዝ ላይ ለብዙ ዘመን የቀዘፉት የታላላቅ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችና የክለብ አባል ለመሆን የሚችሉ ባለ ጸጎች ነበሩ። በ1985 እ.ኤ.አ. ግን ኮሚዩኒቲ ሮዊንግ የተባለ ክለብ ወንዙን ለማንም ሰው ለመክፈት ተቋቋመ። ቀዝፎ የማያውቅ ሰው ገብቶ ይማርበታል፤ ለከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጃገረዶችም ቦታ አለው። በእንዲህ ያለ ክለብ የሚቀዝፍ ጎልማሳ ከሌሊቱ በ11 ሰዓት ተነሥቶ፣ ቀዝፎና ታጥቦ፣ በሦስት ሰዓት ከጠረጴዛው ፊት ይገኛል።

እነዚህ ሰዎች የኦሎምፒክ ቀዛፊ እንደማይቀድሙ ያውቃሉ። የሚያስጨንቃቸው ሌላ ነገር ነው። ለመግባት የሚያመለክተው ብዙ በመሆኑ፣ በቂ ውጤት ያመጣ ጀልባ ለሚቀጥለው ዓመት ቦታው ይጠበቅለታል፤ የቀረው ስሙን ለዕጣ ይሰጣል። ስለዚህ ሠላሳኛ ሆኖ በመጨረስና ሠላሳ ሁለተኛ ሆኖ በመጨረስ መካከል ያለችው ጥቂት ሰከንድ የአንድ ዓመት ሌሊት መነሣት ታወጣለች።

ያችንም ሰከንድ እየቀዘፉ ሊያውቋት አይችሉም። ከፊታቸው የሚያዩት ያለፉትን ጀልባና የሚያሳድዳቸውን ብቻ ነው። መስመሩን ካለፉ በኋላ ወደ ዳር ወጥተው፣ ጀልባዋን ከውሃ አንሥተው በትከሻቸው ይሸከማሉ። ያ ትንሹ መሪ አጠገባቸው እየሄደ «ቀስ! ወደ ግራ!» እያለ ያዛቸዋል። ጀልባዋን አጥበው፣ አድርቀው፣ ቦታዋ ላይ ካኖሩ በኋላ ነው ውጤቱን ለማየት የሚሄዱት።