ለክፍላችን መራጮቹ እኛው እንሁን

ተማሪዎቻችን መርጠው ጨርሰዋል። ማንንም አላማከሩም፣ ኮሚቴም አላቋቋሙም። የቤት ሥራውን ፎቶ አንስተው ለአንዱ የቴሌግራም ቦት ይልካሉ፣ የመጣውን መልስ ደብተራቸው ላይ ይገለብጣሉ፣ ጠዋት እኛ በቀይ እስክሪብቶ ራይት እናደርግላቸዋለን። ቻትጂፒቲ ለሕዝብ የተለቀቀው በኅዳር 2015 ነው። ከዚያ ወዲህ በየስታፉ ወሬው ሞልቷል፤ ውሳኔ ግን የለም። የትኛው የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ መሣሪያ፣ ለስንተኛ ክፍል፣ ለምን ሥራ? ይህን ተቀምጠን ካልወሰንን የሚወስንልን አይጠፋም፤ ወይ ልጆቹ፣ ወይ ሻጩ፣ ወይ ከላይ የሚወርድ ደብዳቤ።

ስለዚህ ይህ ጥሪ በመካነ ሰላምና በቦረና፣ በወግዲ፣ በከላላ፣ በአማራ ሳይንት፣ በመሐል ሳይንት፣ በለጋምቦ ላላችሁ መምህራን ነው። በዚህ ክረምት፣ ምዝገባ ሳይጀመር፣ በየጉድኝት ማዕከላችን እንገናኝና መሣሪያዎቹን ራሳችን እንፈትን። አበል የለውም። ቡናውን እናፈላለን።

ከላይ የወረደ መሣሪያ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ መምህር ዛሬም በየትምህርት ቤቱ አለ። የፕላዝማውን ዘመን አስታውሱ። በ1997 ዓ.ም. ግድም የሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ውስጥ ትልልቅ ስክሪኖች ገቡ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተሰናድቶ በሳተላይት ይመጣል፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 30 ያህሉ የስክሪኑ ነበር፤ መምህሩ መግቢያና መውጫው ላይ በተረፈችው ደቂቃ ያብራራ ተባለ። ስክሪኑ «ገባችሁ?» ብሎ አይጠብቅም። ልጁ ጥያቄውን ጽፎ ሳይጨርስ መልሱ ይመጣል፣ መልሱን ሳይጽፍ ሌላ ርዕስ ይጀመራል። መብራት ከሄደ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ሄደ። ብዙው ፕላዝማ ውሎ አድሮ አቧራ ጠጥቶ ቀረ። ከገንዘቡ በላይ የሚያንገበግበው፣ ውሳኔው መምህሩ ዘንድ ሲደርስ የተረፈለት ሥራ ማብራትና ማጥፋት ብቻ መሆኑ ነው።

አሁን የመጣው በኪስ የሚገባ ስለሆነ ለማስቆምም ለመቆጣጠርም ከፕላዝማው ይከብዳል። አገሪቱ የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት አላት፤ በ2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ፖሊሲም ጸድቋል። ጥሩ ነው። ለ7ኛ ክፍል ሒሳብ የትኛው ይበጃል የሚለውን ግን ፖሊሲ አይመልስም፤ ባይመልስም ይሻላል። እሱ የእኛ ሙያ ነው።

እንዴት እንፈትን? መልሱን አጥብቀን በምናውቀው ጥያቄ ነዋ! ከዚሁ ከቀያችን ልጀምር። መሣሪያውን «ስለ ቦረና ሕዝብ አኗኗር ጻፍልኝ» በሉት። ወደ ያቤሎ ይዟችሁ ሊሄድ ይችላል፤ ስለ ግመል፣ ስለ ቱላ ጉድጓዶች፣ ስለ ገዳ ሊተርክላችሁ። ለዚያኛው ቦረና ትክክል ነው። የእኛ ልጅ ግን በመስኮት ገብስና ስንዴ እያየ፣ ከደንቆሮ ጫካ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ እንዳለ እያወቀ፣ ደብተሩ ላይ ግመል ይጽፋል። መምህሩም ካላነበበው ራይት ያገኛል።

የታሪክ መምህሩ ደግሞ የዓድዋን ይያዝ። ድሉ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። መሣሪያው «1896 ዓ.ም.» ካለ የፈረንጁን ዓመት የእኛን ካባ አልብሶታል። ቀጥሎ ይጠየቅ፦ በጥቅምት 1888 የሸዋው ጦር እንዲሰበሰብ የታዘዘው የት ነበር? ወረኢሉ፣ እዚሁ ጎረቤታችን። ይህን የሳተ መሣሪያ ለታሪክ ክፍለ ጊዜ አይሆንም፤ ለእንግሊዝኛ ሰዋስው ግን ሊሆን ይችላል። አንዱን መሣሪያ ለሁሉም ትምህርት ማጽደቅም መጣልም ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው። «ጠዋት 2 ሰዓት ትምህርት ይጀመራል» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉሙት፤ ልጁን በሌሊት የሚቀሰቅስ ካለ እሱንም መዝግቡ። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ይሉ የለ!

መዝገብ ስል የምሬን ነው። አንድ ባለ መስመር ደብተር ይበቃል፦ ጥያቄው፣ የመሣሪያው ስም፣ የተጠየቀበት ቋንቋ፣ ቀኑ፣ የመለሰው፣ የመምህሩ ፍርድ። ያንኑ ጥያቄ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጠይቁ፤ ልዩነቱን ታያላችሁ። መሣሪያዎቹ የተማሩበት የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። በዚያ ላይ አማርኛውን በብዙ ቁርጥራጭ ከፋፍለው ስለሚያነቡት የነጻው ገደብ ቶሎ ይሞላል፣ የሚከፈልበትም ይወደዳል። ለክፍያ ከመቸኮላችን በፊት ይህ ይታወቅ፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆንብን።

ኢንተርኔትስ? በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት እንዴት እንደቆየን ማንም አልረሳም። ያለ ኔትወርክ የሚሞት መሣሪያ ላይ የዓመቱን ዕቅድ መሥራት ራስን ማታለል ነው። ላፕቶፕ ላይ ተጭነው ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ትንንሽ ሞዴሎች አሉ፤ እንደ ኮሊብሪ ያለ፣ አንዴ ከተጫነ በኋላ ያለ ኔት የሚያስተምር ነጻ መድረክም አለ። እዚህ ላይ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲን እንፈልገዋለን። አንዱ ግቢው እዚሁ መካነ ሰላም ውስጥ ነው፤ የኮምፒውተር መምህራኑም ጎረቤቶቻችን ናቸው። የማኅበረሰብ አገልግሎት የሚባለው ነገር ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል? አንድ ላፕቶፕ ላይ ጭናችሁ ወደ ጉድኝት ማዕከላችን አምጡልን፤ ጥያቄውን እኛ እናመጣለን።

የልጆቹ ስም ደግሞ አይወጣም። ይህ ለድርድር አይቀርብም። የውጤት ዝርዝር ፎቶ አንስቶ «አማካይ አውጣልኝ» ማለት ይቀላል፤ የስልሳ ልጅ ስምና ውጤት ወደማናውቀው አገር መላክ መሆኑ ግን አይታወቀንም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ስም ቆርጦ ተራ ቁጥር መተካትም ሰባት ደቂቃ አይፈጅም። ዕድሜም አለ፦ ዩኔስኮ በፈረንጆቹ 2023 ባወጣው መመሪያ ለክፍል አጠቃቀም ዝቅተኛው ዕድሜ 13 እንዲሆን መንግሥታትን መክሯል። እንግዲህ የአንደኛ ደረጃ ልጆቻችን አብዛኞቹ ከዚያ በታች ናቸው። ለእነሱ መሣሪያው በመምህሩ እጅ ይቆይ።

በመምህሩ እጅ ምን ይሠራል? እዚህ ላይ ተስፋ አለኝ። ስልሳ ሰባ ተማሪ ያለበትን አራት ሴክሽን የሚያስተምር ሰው ለአንድ ፈተና አራት ዓይነት ወረቀት ማውጣት ሌሊቱን ይበላበታል። ረቂቁን መሣሪያው ያውጣ፣ መምህሩ ያርም። 9ኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ በአንዴ እንግሊዝኛ የሆነበት ልጅ አለ፤ የባዮሎጂውን አንቀጽ በአማርኛ አስረድቶ ወደ እንግሊዝኛው የሚመልሰው ይፈልጋል። ያልተፈተነ መሣሪያ አሳስቶ እንዳያስረዳው እንጂ፣ ይህ ትልቅ እገዛ ነው። የቤት ሥራ መገልበጡ ግን ፈተና አዳራሽ ድረስ አይሸኝም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሹን ያመጡት በአገር ደረጃ በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። አዳራሹ ውስጥ ስልክ የለም።

ወላጆች፣ እናንተም ኑ። ስልኩን የገዛችሁት፣ ካርዱን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ። ማንበብ ባትችሉም «ይህን ለእኔ በቃልህ አስረዳኝ» ማለት ትችላላችሁ፤ የገለበጠ ልጅ ወዲያው ይንተባተባል። ርእሰ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮች ደግሞ አንድ ቅዳሜ ስጡን፣ አዳራሹን ክፈቱልን፣ የተስማማንበትን ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አድርሱልን። አዲስ አበባና ውጭ አገር ያላችሁ የአካባቢው ልጆች፣ ታብሌት በካርቶን ከመላካችሁ በፊት የመዝገባችንን ውጤት ጠብቁ። ምናልባት የምንጠይቃችሁ ሶላርና አንድ ጠንካራ ላፕቶፕ ብቻ ይሆናል።

እያንዳንዱ መምህር ከሚያስተምረው ትምህርት ሦስት ጥያቄ ከነመልሱ በወረቀት ጽፎ ይምጣ፤ አንዱ ከመማሪያ መጽሐፉ፣ አንዱ ከአካባቢው፣ አንዱ ተማሪዎች ዘወትር ከሚሳሳቱት። መጀመሪያ መልሱን አናሳይም፤ መሣሪያው ይመልስ፣ ከዚያ ወረቀቱ ይገለጥ። የወደቀው በወደቀበት ትምህርት ይሰረዛል። ያለፈው ለአንድ ሴሚስተር ብቻ ይፈቀዳል፤ ሞዴሎቹ ስለሚለዋወጡ ጥር ላይ በዚያው ጥያቄ እንደገና ይፈተናል። ዝርዝሩ በየትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፣ ከሥሩም የፈተኑት መምህራን ይፈርሙበት።