ኮዱ ሕግ ነው? ለማን?

«ክሪፕቶ አለቃ የለውም፣ ኮዱ ራሱ ሕግ ነው» የምትሉን እስኪ መልሱልኝ። በጁን 2016 ዳኦ ከተባለው የኢቴሪየም የጋራ ፈንድ አንድ ሰው በኮዱ ክፍተት ገብቶ 3.6 ሚሊዮን ኢተር ወሰደ። በጁላይ መዝገቡን ቀይረው ገንዘቡ ለባለቤቶቹ እንዲመለስ አደረጉ፤ እምቢ ያሉት ኢቴሪየም ክላሲክን ይዘው ቀሩ። ይሁን፣ ሌባ አይጠቀም! በኖቬምበር 2017 ግን ፓሪቲ በተባለው ቦርሳ ስህተት ከ500 ሺህ በላይ ኢተር ሲቆለፍ፣ የማስከፈቱ ሐሳብ ተቀባይነት አጣ። እስከ ዛሬ እንደተቆለፈ ነው!

ታዲያ ያንን የፈታ፣ ይህን ያሰረ ኮዱ ነው? ሰው ነው እንጂ! በኦሪት ያደግን ሰዎች ሕግ ለትልቁም ለትንሹም አንድ መሆኑን እናውቃለን፤ ሽማግሌም ቢፈርድ ፊቱ ይታያል። እዚህ ግን... ዳኛ ካላችሁ ማን እንደሆነ ንገሩን፣ ሰው የልጆቹን ቁጠባ ሳያስገባ።