በዓል ሲመጣ ልጆቹ ከማን ቤት ይውላሉ?



ከዚህ በታች ያለው አሳብ ለብዙ የመንግሥት ሠራተኞች ወንድሞቼ ይጠቅም ይሆናል ብዬ ስለ ገመትሁ፥ በአንባብያን ዓምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ስሆን ዕድሜዬ 36 ዓመት ነው። ከባለቤቴ ጋር በፍርድ ቤት ውሳኔ ከተለያየን ሦስት ዓመት ሆኖናል። የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅና የስድስት ዓመት ወንድ ልጅ አሉን፤ የሚኖሩትም ከእናታቸው ዘንድ ነው። ስለ ፍቺው ምክንያት የምጽፈው የለኝም፤ ጥፋቱም የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም። የምጽፈው ስለ በዓል ቀን ነው።

በአዘቦት ቀን የተፋታ አባት ኑሮ ያን ያህል አይከብድም። ሥራ አለ፤ የሚታረም ደብተር አለ፤ ቅዳሜ ሲደርስም ልጆቹ ይመጣሉ። ነገር ግን የበዓል ዋዜማ ሆኖ ጎረቤቱ ሁሉ ዶሮ አንጠልጥሎና ቄጠማ ይዞ ወደ ቤቱ ሲገባ፥ ያን ጊዜ ሰው ባዶ ቤት ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። ክርክሩም የሚነሣው ያን ጊዜ ነው። አባት «በዓሉን እንኳ ከእኔ ጋር ይዋሉ» ይላል፤ እናት «ዓመቱን ሙሉ የደከምሁ እኔ፥ በበዓል ቀን ብቻዬን ልዋልን?» ትላለች። ሁለቱም እውነት አላቸው።

የዛሬ ሁለት ዓመት የገና ዕለት፥ በአራት ሰዓት መጥቼ ልጆቹን እወስዳለሁ ብዬ ነበር። በዋዜማው ከእናታቸው ጋር በስልክ በአንዲት ቃል ተጣላን፤ እኔም ተቆጥቼ ስልኩን ዘጋሁ፤ በማግስቱም ሳልሄድ ቀረሁ። እርሷን የቀጣሁ መስሎኝ ነበር። በኋላ ከልጆቹ አያት እንደ ሰማሁት፥ ሴት ልጄ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ምሳ ብዪ ቢሏት «አባዬ ሲመጣ ከእርሱ ጋር እበላለሁ» ብላ እንቢ አለች። ትንሹም ጫማዬን አላወልቅም እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ያደግሁት በደወል ነው፤ ሰዓት የማያከብር ቃሉንም አያከብርም እየተባልን ተምረናል። እኔም ዛሬ አምስት ደቂቃ ያረፈደውን ተማሪ ከበር እመልሳለሁ። የገዛ ልጆቼን ግን አምስት ሰዓት አስጠበቅሁ።

ሕጉ ይህን ነገር ፈጽሞ አልዘነጋውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር ልጆች እስከ አምስት ዓመት ድረስ ከእናታቸው ዘንድ እንዲሆኑ ይል ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 113 ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ሲወስን ስለ ልጆቹ አጠባበቅ፥ ስለ ትምህርታቸው፥ ስለ ጤናቸውና ስለ ቀለባቸው፥ እንዲሁም ወላጆችና ልጆች ስለሚጠያየቁበት መብት ጭምር እንዲወስን ያዝዛል። የመጠየቁ መብት የወላጅ ብቻ ሳይሆን የልጁም መሆኑን ልብ ይሏል። ዳሩ ግን የበዓሉ ዶሮ በማን ቤት እንደሚበላ ሕግ አይናገርም። በእኔ የውሳኔ ወረቀት ላይ ቅዳሜ ተጽፎአል፤ ገና፥ ፋሲካ፥ እንቁጣጣሽ የሚል ቃል ግን የለበትም። እኛም ያን ጊዜ የምንከራከረው ስለ ቁም ሣጥንና ስለ ቴሌቪዥን ስለ ነበረ፥ ይጻፍልን ብለን አልጠየቅንም።

ባለፈው ዓመት የሠርጋችን ሽማግሌ የነበሩትን አዛውንት ለመንኋቸው። ሽማግሌዎቻችን ባልና ሚስትን ማስታረቅ ካልሆነላቸው ሥራችን አለቀ ብለው ይሄዳሉ፤ እኔ እንደሚመስለኝ ግን ከዚያ በኋላም ብዙ ሥራ አላቸው። እኒህ ሰው እኔንና የልጆቼን እናት በአንድ ገበታ አስቀምጠው በዓላቱን አከፋፈሉን። ገና ከእናታቸው፥ ጥምቀት ከእኔ፤ በሚመጣው ዓመት ተገላቢጦሽ። በመካከሉ ያለው 12 ቀን ብቻ ስለ ሆነ ማንም ብዙ አይናፍቅም። ለፋሲካ ሌሊቱን ከእናታቸው ጋር ገድፈው በማግስቱ ሰኞ ወደ እኔ ይመጣሉ። እንቁጣጣሽን እኔ ፈልጌው ነበር፤ ነገር ግን ልጅቱ ጧት ከሰፈር ጓደኞቿ ጋር አበባየሆሽ ስለምትል ከዚያ ማውጣት ግፍ ነው፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ሆነልኝ። ይህንኑ በወረቀት ጽፈን ሁለታችንም ፈረምንበት።

ከጓደኞቼ ብዙዎቹ ልጆቻቸውን በበዓል ቀን ኬክ ቤት አስቀምጠው፥ መጫወቻ ገዝተው፥ ሲመሽ ይመልሷቸዋል። እኔም እንዲሁ አደርግ ነበር፤ ትንሹ ልጄ አንድ ቀን «አባዬ፥ አንተ ቤት በዓል የለም እንዴ?» እስኪለኝ ድረስ። ለጥምቀት እኅቴን ጠርቼ ወጥ ቤት ገባን። ሽንኩርቱን እኔ እያለቀስሁ ከተፍሁ፤ ልጆቹ እንቁላል ላጡ፥ ቄጠማ ጎዘጎዙ። የዶሮ ብልት 12 ነው ይባላል፤ እኔ ስገነጥለው 15 ሆነ፤ ልጆቹም ቆጥረው እስኪበቃቸው ሳቁብኝ። ወጡ ጥቂት አርሮ ነበር፤ ተበላ።

ለመሥሪያ ቤት አለቆችም አንድ ነገር ልበል። የበዓል ተረኛ ሲመደብ «እርሱ ቤተሰብ የለበትም» እየተባለ የተፋታው ሰው ይመረጣል። እኛ አስተማሪዎች ተረኝነት ስለሌለብን እኔን አልደረሰብኝም፤ በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ባልንጀሮቼ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ የሚደርሳቸውን ተራ በዚህ ምክንያት ሲያጡ አይቻለሁ። ያ ሰው ከመመደቡ በፊት ተራህ መቼ ነው ተብሎ ቢጠየቅ ምን ይጎዳል?

በሚመጣው ገና ተራው የእኔ ነው። ልጆቹን የምወስደው በአራት ሰዓት ነው፤ ልጄም አራት ሰዓት ማለት አራት ሰዓት ነው ብላ ከወዲሁ አስጠንቅቃኛለች።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ