«አስታማሚዎች ውጡ!»

በሆስፒታል ደጅ የጠና ሰው ሁሉ ይህን ትእዛዝ ያውቀዋል። ጧት ሐኪሞች ሕሙማንን እየዞሩ ሊያዩ ሲመጡ «አስታማሚዎች ውጡ!» ይባላል። ሌሊቱን ከአልጋው ሥር ምንጣፍ አንጥፋ ያደረችው እናት ወይም እኅት ነጠላዋን ሰብስባ ትወጣለች። ስለ በሽተኛው ቁም ነገሩ የሚነገረው ግን እሷ በሌለችበት በዚያው ሰዓት ነው።

ለመሆኑ በአገራችን ሆስፒታል አስታማሚ ማን ናት? በሽተኛውን የምታጥበው፣ የምታጎርሰው፣ ሽንቱን የምትደፋው፣ የታጣውን መድኃኒት ከውጭ ፋርማሲ ፈልጋ የምታመጣው እሷ ናት። ሥራዋ የነርስ ነው፤ አያያዟ ግን የእንግዳ፣ ያውም ያልተፈለገ እንግዳ ነው።

የቤቴን ልናገር። አጎቴ በስትሮክ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት ሆስፒታል 16 ቀን ተኛ። ያስታመመችው እናቴ ነበረች። በ17ኛው ቀን «ወጥታችኋል» ተባለችና አንድ ወረቀት ተሰጣት። እናቴ አማርኛ አጥርታ ታነባለች፤ ወረቀቱ ግን በእንግሊዝኛ ነበር። «አንተ የተማርከው፣ እስቲ አንብብልኝ» አለችኝ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ አፈርኩ። ከመድኃኒቱ ስም አጠገብ የተጻፈው «ቢ አይ ዲ» ምን ማለት እንደሆነ አላወቅሁም። ከላቲን የመጣና «በቀን 2 ጊዜ» ማለት መሆኑን ያስረዳኝ የሕክምና ተማሪ የሆነ ጓደኛዬ ነው። ታዲያ ይህንኑ በአማርኛ ለመጻፍ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ከናካቴው ያልተጻፈም ነገር ነበር። ራሱን መገላበጥ የማይችል በሽተኛ በየ2 ሰዓቱ ጎኑ ካልተለወጠለት ገላው እንደሚቆስል፣ ቀና ሳይል ከጎረሰም ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ እንደሚችል ለእናቴ የነገራት አልነበረም። ወር ሳይሞላ አጎቴ ከወገቡ በታች ቆሰለና ተመልሰን ሆስፒታል ገባን። እናቴ እስከ ዛሬ «እኔ ነኝ የጎዳሁት» ትላለች። ያልተነገራትን ባለማወቋ ራሷን ትከሳለች።

ነርሶች ጥቂት መሆናቸውን፣ አልጋውንም ሌላ በሽተኛ እንደሚጠብቀው አልዘነጋሁም። ነገር ግን ያልተማረች አስታማሚ በሽተኛውን መልሳ ማምጣቷ አይቀርምና ጊዜ ማነሱ ለማስተማር እንጂ ላለማስተማር ምክንያት አይሆንም።

በበኩሌ የምለው ይህ ነው። መውጫው በሽተኛው ከተኛበት ቀን ጀምሮ ይታሰብበት። አስታማሚዋ ማገላበጡንና ማጉረሱን በነርሷ ፊት ራሷ ሠርታ ታሳይ። «ገባሽ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ሐኪም ፊት ቆማ «አልገባኝም» የምትል እናት ጥቂት ናትና። የመውጫው ወረቀት ቤተሰቡ በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍ፤ ምን ምልክት ሲታይ ፈጥኖ መመለስ እንደሚገባም ይግለጽ። የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየገጠሩ ቀበሌ የሠለጠኑ ሴቶች ይሠራሉ፤ በሽተኛው ወደ ቤቱ መመለሱን የሚያስታውቅ ማስታወሻ ለእነሱ ይላክ። እድርተኛም ለቀብር እንደሚደርስ ሁሉ፣ ሰውየው በሕይወት ሳለ ለአስታማሚዋ አንድ ሌሊት ተራ ቢገባላት ምን ይጎዳል?

የሕክምና ተማሪዎች ወንድሞቼና እኅቶቼ! ነገ የመውጫውን ወረቀት የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። መምህራኖቻችን ቢያርሙልን፣ የቋንቋ ተማሪዎችም ቢያግዙን፣ በስትሮክ ታሞ ወደ ቤቱ ለሚመለስ ሰው አስታማሚ የሚሆን የ1 ገጽ መመሪያ በአማርኛ ማዘጋጀት እንችላለን። ለመጻፉም ለማባዛቱም እኔ ዝግጁ ነኝ። ረቂቁን አስቀድማ የምታነበው እናቴ ትሁን፤ ካልገባት እንደገና እንጽፈዋለን።