ዲስኩ ካንኳኳ እጅ ይሰብሰብ

የአንድ ቤተሰብ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ የሟች አባት ድምፅ ሳይቀር ዛሬ የሚቀመጠው መዳፍ በምታክል አንዲት ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ሴት ልጁን ጅዳ ወይም ቤሩት የላከ የወሎ ቤተሰብ ደግሞ የምትልክለትን ምስል ሁሉ እዚያው ላይ ያከማቻል። አንድ ቀን ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ይጀምራል። ኮምፒውተሩም «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ይጠይቃል። ያ ሁሉ ትዝታ መትረፉም ሆነ መጥፋቱ የሚወሰነው ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነው።

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ እንዲህ የገጠመው ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ሰፈሩ ውስጥ ወዳለው የኮምፒውተር ጥገና ቤት ነው፤ አለዚያም ቪዲዮ እያየ ራሱ ይሞክራል። ይህን አልነቅፍም። አቧራ የማይገባበት ልዩ ክፍል ያላቸው የዓለም ትልልቅ ላቦራቶሪዎች የሚያስከፍሉት በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ነው። ለአንድ መምህር ወይም ለአንዲት ነጋዴ የማይታሰብ ነው። በራስ እጅ መሞከር ለእኛ አገር ሰው ብዙ ጊዜ ብቸኛው መንገድ ነውና ሞክሩ እላለሁ። የምሟገተው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። አብዛኛውን ዲስክ የሚገድለው የመጀመሪያው ብልሽት ሳይሆን ከዚያ በኋላ በችኮላ የምንሠራበት ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለምን እንደሆነ ውስጡን ማወቅ ይረዳል። በዲስኩ ሆድ ውስጥ የሚያብረቀርቁ ክብ ሳህኖች አሉ። የላፕቶፑ በአብዛኛው በደቂቃ 5,400 ጊዜ፣ የዴስክቶፑ 7,200 ጊዜ ይሽከረከራል። መረጃውን የሚያነበው ሄድ ሳህኑን አይነካም፤ ሽክርክሪቱ በሚፈጥረው አየር ላይ በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ ይንሳፈፋል። የሰው ፀጉር ውፍረት በአስር ሺዎች ናኖሜትር ስለሚቆጠር፣ ለዓይን የማትታይ የአቧራ ቅንጣት እንኳ በዚያ ክፍተት አታልፍም። (ሄዱ የሚንሳፈፈው በአየር ስለሆነ ብዙ አምራቾች ዲስካቸው እንዲሠራ የሚፈቅዱት ከባሕር ወለል በላይ እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ከ1,900 ሜትር በታች። ከፍታችንን የሚያማ ካለ ይተወው። የእኛን ዲስክ የሚጎዳው መውደቅ፣ እርጅናና ሄዶ በድንገት የሚመጣ መብራት ነው።) ቀጭ፣ ቀጭ የሚለው ድምፅ ብዙውን ጊዜ ሄዱ ቦታውን አጥቶ ወደ መነሻው እየተመለሰ ደጋግሞ ሲሞክር የሚሰማ ነው። ሄዱ ተጎድቶ ከሆነ በእያንዳንዱ ሙከራ ሳህኑን ሊፍቅ ይችላል፤ የተፋቀው ላይ የነበረው ሠርግ ደግሞ ዱቄት ሆኗል፣ ማንም አይመልሰውም።

ስለዚህ ዲስኩ ካንኳኳ ወይም ከፋቀ ኮምፒውተሩ ወዲያው ይጥፋ። ነቅላችሁ አስቀምጡት። «አንድ ጊዜ ብቻ ልየው» የሚለው ፈተና ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የላቦራቶሪ እንጂ የሰፈር አይደለም።

ድምፅ ሳያሰማ የማይከፈት፣ ወይም እየተንቀራፈፈ የሚያነብ ከሆነ ግን ተስፋው ሰፊ ነው። ኬብሉን ቀይሩ፤ በሌላ ኮምፒውተር ሞክሩ። ኤክስተርናል ከሆነ የተበላሸችው ሽፋኑ ውስጥ ያለችው ትንሽ ካርድ ብቻ ልትሆን ትችላለች። ከዚያ በኋላ ያለችው ሕግ አንዲት ናት፤ ከታመመው ዲስክ ላይ ፋይል አትፈልጉ። መጀመሪያ ሙሉውን ወደ ጤነኛ ዲስክ ገልብጡ፣ ፍለጋው ከዚያ ቅጂ ላይ ይሁን። «ፎርማት ይደረግ?» ሲላችሁ እንቢ በሉ። ዊንዶውስ የሚያቀርበውን የዲስክ ማረሚያም አታስነሱ፤ እያረምኩ ነው ብሎ በታመመው ላይ ይጽፋልና። ያገኛችሁትን ፋይል መልሳችሁ እዚያው ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ገና ያልተገኘውን መደምሰስ ነው።

ለግልበጣው አንቶኒዮ ዲያዝ ዲያዝ የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2004 ለሕዝብ ያቀረበው ዲዲሬስኪው የሚባል ሶፍትዌር አለ፤ በነፃ ይገኛል፣ በሊኑክስ ላይ ይሠራል። መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን በፍጥነት ያነሣል፤ አስቸጋሪውን ይዘልና መጨረሻ ላይ ይመለስበታል። ባለሙያ ሐኪም ቁስለኞችን የሚለይበት ሥርዓት ነው። ለእኛ ከተሞች ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፦ የደረሰበትን በማስታወሻ ፋይል ይመዘግባል። በመሀል መብራት ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ዲስኩን ከሀ ጀምሮ አያሠቃየውም። ከቅጂው ላይ የጠፋ ክፍልፋይ ለመመለስ ቴስትዲስክ፣ ፎቶና ቪዲዮ ለመልቀም ፎቶሬክ አሉ። ሁለቱም የክሪስቶፍ ግሬኒየ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለቱም ነፃ። ፎቶሬክ የፋይሎቹን ስም አይመልስም፤ የሺህ ፎቶ ክምር ይሰጣችኋል፣ መለየቱ የእናንተ ድካም ነው። ቢሆንም እናት ከልጇ ፎቶ ጋር ትገናኛለች።

በየጥገና ቤቱ የሚሰሙ ሁለት ምክሮች ያሳስቡኛል። አንዱ ዲስኩን ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት ነው። ከቅዝቃዜ ሲወጣ እርጥበት ሳህኑ ላይ ይቋጠራል፤ ያን ላብ ይዞ ሲሽከረከር የነበረውንም ያጠፋል። ሁለተኛው ክዳኑን ፈትቶ «ሄዱን ማላቀቅ» ነው። በደሴ ሰኞ ገበያ ጠረጴዛ ላይ፣ በራፉ ክፍት ሆኖ፣ መኪና እያለፈ የሚከፈት ዲስክ ከዚያ በኋላ ላቦራቶሪ ቢገባም ዕድሉ የመነመነ ነው። የዲስኩን የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ከሌላ ዲስክ አውጥቶ መቀየርም እንደ ድሮው አይደለም፤ በዘመናዊዎቹ ላይ የየራሳቸው ልኬት የተጻፈባት ቺፕ አብራ ካልተዛወረች ሳህኑ አይነበብም።

በሠለጠነ እጅ ግን ምን ያህል ማዳን እንደሚቻል አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2003 ኮሎምቢያ የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ወደ ምድር ስትመለስ ተበታተነች፤ ሰባቱም ተጓዦች ሞቱ። ከስብርባሪው መካከል ተቃጥሎ ቅርፁ የጠፋ አንድ ሃርድ ዲስክ ተገኘ። ባለሙያዎች ሳህኖቹን አጥበው ወደ ሌላ አካል አዛወሯቸውና ከመረጃው 99 በመቶ ያህሉን አወጡ። በጠፈር ላይ የተሠራው ጥናትም እ.ኤ.አ. በ2008 ታተመ። አብረው ከተገኙት ከሌሎቹ ሁለት ዲስኮች ግን ምንም አልወጣም። ሰማይ የጣለው ዲስክ ሲተርፍ፣ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ሌሊቱን ሲያንኳኳ ያደረው ይሞታል።

እኛ ደግሞ ከብልሽት የከፋውን አይተናል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ደሴና ኮምቦልቻ በቀናት ልዩነት በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቁ፤ እስከ ኅዳር መጨረሻም በዚያው ቆዩ። የወሎ ዩኒቨርሲቲና የደሴ ሆስፒታል ተዘረፉ። የተወሰደ ኮምፒውተር የሚታደግ ሶፍትዌር የለም። ደሴ ሆኜ ሁለተኛ ቅጂ ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት አስቀምጫለሁ ያለ ሰውም ቢሆን በዚያ ወር ሁለቱንም ሊያጣ ይችል ነበር። ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ርቀት ለመብራት መቆራረጥና ለሌባ ይበቃል፤ ለጦርነት አይበቃም።

የሩቅ ቅጂን ዋጋ ለማየት ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሐይቅ እስጢፋኖስ መሄድ ይበቃል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል የዚያ ገዳም ሀብት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የአገራችንን ብራናዎች በማይክሮፊልም የማንሣት ትልቅ ሥራ ሲካሄድ ይህም ወንጌል ተነሥቶ 1832 የሚል ቁጥር ተሰጠው። የፊልሞቹ ቅጂ አዲስ አበባም፣ አሜሪካ ሚኔሶታም ተቀመጠ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ዕድሜያቸውን በዝርዝር ማውጫው ላይ አፈሰሱ። ዛሬ ከሩቅ ሆኖ ምስሉን ማየት ይቻላል። የብራና ቅጂ ይህን ያህል ከተደከመለት የሠርጋችን ቪዲዮ ቢያንስ ሁለተኛ ዲስክ ይገባዋል።

የፎቶና የቪዲዮ ቤት ባለቤቶች ሆይ፣ ሥራ ስታስረክቡ ሁለት ቅጂ ስጡ፤ የሁለተኛውን ዋጋ ከውሉ ላይ ጻፉት፣ ደንበኛው ምክንያቱን ከሰማ ይከፍላል። ኮሌጆቻችንም ጥገና ሲያስተምሩ ዲዲሬስኪውን ያስተምሩ፤ የሚያስፈልገው አሮጌ ኮምፒውተርና አንድ ፍላሽ ብቻ ነው። ልጃችሁ ውጭ ካለች፣ ኦሪጅናሉን ፎቶ የያዘ አንድ ዲስክ ከሚመጣ ሰው ጋር ላኩላት፤ በቴሌግራም እንደ ፎቶ የሚላከው ተጨምቆ ጥራቱ ስለሚቀንስ እንደ ቅጂ አትቁጠሩት።

ዛሬ የሚያንኳኳ ዲስክ በእጃችሁ ያለ ደግሞ ገንዘብ ባይኖራችሁም አትጨነቁ። ነቅላችሁ፣ በማይረጥብ ቦታ፣ ልጆች በማይደርሱበት አስቀምጡት። ላቦራቶሪ የሚወስድላችሁ ሰው እስኪገኝ ወራት ቢቆይም አይጎዳም። የሚጎዳው ዛሬ ማታ እንደገና መሰካቱ ነውና እባካችሁ አትሰኩት።